ውዳሴ ለሕዝብ ቆጣሪዎች

ንጉሥ ዳዊት ሕዝቡን ባስቆጠረ ጊዜ ከዳን እስከ ቤርሳቤህ 70,000 ሰው በቸነፈር ረገፈ። ከዚያ ታሪክ የተነሣ ይሁን ከሌላ፣ መቁጠር በእኛ ዘንድ ሲያስፈራ ኖሯል። ባለከብቱ ስለ በረቱ ሲጠየቅ «እግዜር የሰጠንን ያህል» ብሎ ያልፋል፤ እናትም የልጆቿን ቁጥር በአደባባይ አትዘረዝርም። ያው መጽሐፍ ግን በኦሪት ዘኍልቍ ሙሴን ሕዝቡን በየነገዱና በየአባቶቹ ቤት እንዲቆጥር ያዘዋል። አንዱን ቆጠራ ባርኮ ሌላውን የሚቀጣ መጽሐፍ ያነበበ ሰው፣ ቆጣሪው ማን እንደሆነና ከየት እንደመጣ መጠየቁ አይቀርም።

እኔም የምጠይቀው ይህንኑ ነው፤ የምጠይቀውም ለማወደስ ነው። ሊቃውንተ ሥነ ሕዝብ ሆይ፣ የትውልድን መግቢያና መውጫ በር የምትጠብቁ፣ የልደትን እልልታና የሞትን ሙሾ በአንድ መዝገብ የምታስማሙ፣ ገና ላልተፀነሰው ሕፃን የትምህርት ቤት ወንበር የምታሰናዱ፣ ላልሸበተው ጎልማሳ የጡረታ እንጀራ የምታሰሉ፣ ለእናንተ ምስጋና ይገባል! ነገሥታት ሐውልት አላቸው፤ አርበኞች ቀረርቶና ፉከራ አላቸው፤ ቅዱሳን መልክዕ አላቸው። እናንተ ያላችሁ ሰንጠረዥ ነው። ሰንጠረዥ የሚያዜም ደብተራ እስካሁን አልተወለደምና ይህች ጽሑፍ በመልክዕ ፈንታ ትቁምላችሁ።

ሙያችሁ የዘር ሐረጉ የተደባለቀ ነው፤ ክብሩም ከዚያ ይጀምራል። አባታችሁ ጆን ግራውንት ከዩኒቨርሲቲ ደጅ የወጣ ሊቅ አልነበረም። በለንደን ከተማ አዝራር፣ ክርና ጥብጣብ የሚነግድ ባለሱቅ ነበር፤ በእኛ ሚዛን የመርካቶ ሰው ማለት ነው። በዚያ ዘመን የለንደን አጥቢያዎች የሟቾችን ቁጥር ከነምክንያቱ በየሳምንቱ በወረቀት ያወጡ ነበር። ባለጸጋው ወረቀቱን የሚገዛው ቸነፈር መቅረቡን አይቶ ከከተማ ለመሸሽ፣ ነጋዴው ደግሞ ገበያ መቀዝቀዝ አለመቀዝቀዙን ለመገመት ነበር። ግራውንት የብዙ ዓመታቱን ወረቀት ሰብስቦ፣ በሱቁ በለመደው የሒሳብ ትጋት እርስ በርሱ አመሳከረው። እ.ኤ.አ. በ1662 ባሳተመው መጽሐፍ ወንዶች ከሴቶች በጥቂቱ በልጠው እንደሚወለዱ፣ ከ100 ሕፃናት 36ቱ ስድስት ዓመት ሳይሞላቸው እንደሚያልፉ፣ በሚሊዮኖች ይገመት የነበረው የለንደን ሕዝብም 384,000 ገደማ እንደሆነ ጻፈ። ንጉሥ ቻርልስ ሁለተኛ የሊቃውንቱ ማኅበር ይህን ባለሱቅ እንዲቀበለው አሳሰበ፤ እንዲህ ያለ ነጋዴ ዳግመኛ ቢገኝም ሳታወላውሉ አስገቡት ማለቱ ይነገራል። አራት ዓመት ቆይቶ የለንደን ታላቅ ቃጠሎ ቤቱን በላው፤ ግራውንትም በ1674 በድህነት ዐረፈ።

ነገር ግን ውዳሴዬን በባለሱቁ ላይ ብቻ ባፈስሰው እበድላለሁ። ሬሳውን ቀርቦ ያየ፣ የሞቱን ምክንያት የተናገረ ማን ነበር? ደብሩ በምጽዋት የሚጦራቸው አሮጊቶች ነበሩ። ቃለ መሐላ ፈጽመው፣ ለአንድ ሬሳ ጥቂት ሳንቲም እየተቆረጠላቸው፣ ሰው ሁሉ ወደሚሸሸው ቤት ይገቡ ነበር። በቸነፈር ጊዜም አላፊ አግዳሚው እንዲርቃቸው ምልክት የሆነ በትር ይዘው እንዲሄዱ ይገደዱ ነበር። ግራውንት ራሱ በአንድ ኩባያ ቢራና በጥቂት ጉቦ የአባለ ዘር በሽታን ይደብቃሉ ብሎ ይከሳቸዋል። ይሁን፤ ቢራውን ጠጥተዋል እንበል። ሬሳውንም ያዩት እነሱው ናቸው። የትውልድ ሐረጋችሁን ስትቆጥሩ፣ እናንተ የዛሬ ዶክተሮች፣ ስማቸው ካልተጻፈ ከእነዚህ አሮጊቶች መጀመር ይገባችኋል።

የእነሱ ሥራ በአዲስ አበባም ቀጥሏል። በ1993 ዓ.ም. የዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች፣ ሞት በወጉ በማይመዘገብበት ከተማ የሞትን መንገድ ለማወቅ ወደ መካነ መቃብሮች ሄዱ። በየቤተ ክርስቲያኑ አጸድና በየሙስሊሙ መቃብር ጸሐፊ ተመድቦ የሟቹን ዕድሜ፣ ጾታና አድራሻ፣ የቀባሪውንም ቃል መዘገበ። በዚያ ወቅት ኤድስን በቀብር ላይ አፉን ሞልቶ የሚጠራ ማን ነበር? «ሳንባ ነው» ይባላል፤ «ብርድ ነው» ይባላል። መዝጋቢው የተባለውን እንዳለ ጻፈ፤ ባለሙያውም ከሌላ የሕክምና ማስረጃ ጋር እያነጻጸረ ያልተባለውን አነበበ። ነፃው የፀረ ኤችአይቪ መድኃኒት በ1997 ዓ.ም. መታደል ከጀመረ በኋላ የጎልማሶች ሞት መቀነሱን በማስረጃ ካሳዩት አንዱ ይኸው የመቃብር መዝገብ ነው። ሰላም ለአእዛኒክሙ! በሹክሹክታ የተነገረውን ሰምቶ፣ ሹክሹክታውን ሳያዋርድ ወደ ቁጥር ለለወጠው ጆሯችሁ ሰላም ይሁን።

ከካህናት ወገን የመጣችሁም አላችሁ። በብሬስላው ከተማ፣ ዛሬ የፖላንድ ግዛት በሆነችው፣ ፓስተር ካስፓር ኖይማን የደብሮቹን የልደትና የሞት መዝገብ ይሰበስብ ነበር። ሰው በ49 እና በ63 ዓመቱ ልዩ አደጋ ያንዣብብበታል የሚለውን የኮከብ ቆጣሪ ወሬ ሊፈትንበት ፈልጎ ነው። መዝገቡ ባሕር ተሻግሮ በኤድመንድ ሃሊ እጅ ገባ፤ ኋላ የጅራታሙን ኮከብ መመለሻ ያሰላው ያ የሰማይ ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1693 የብሬስላውን ሰው ዕድሜ በሰንጠረዥ አሰላ። ቶማስ ማልተስም ካህን ነበር፤ ስሙም ከሁላችሁ በላይ ገንኗል። ለእኔ ግን ኖይማን ይበልጥብኛል። ማልተስ ስለ ድሆች መብዛት አብዝቶ ተጨነቀ፤ ኖይማን ግን ደብሮቹ የቀበሯቸውን ሰዎች ዕድሜ አንድ በአንድ ጻፈ።

ከነርሶች ወገን ፍሎረንስ ናይቲንጌል ትነሣለች። በክራይሚያ ጦርነት ወታደሩን ከጥይት ይልቅ የሆስፒታሉ ቆሻሻ እንደፈጀው በቀለም በተሠራ ሥዕለ መረጃ አሳይታ፣ ሰንጠረዥ ማንበብ የሚሰለቻቸውን ሹማምንት አስደነገጠች፤ እ.ኤ.አ. በ1858 የእንግሊዝ የስታቲስቲክስ ማኅበር አባል ሆና የተመረጠች የመጀመሪያዋ ሴት ናት። ከኬሚስቶች ወገን አልፍሬድ ሎትካ አለ፤ የውልደትና የሞት መጠን ሳይለወጥ ቢቆይ ሕዝብ በጊዜ ብዛት የሚይዘውን የዕድሜ ቅርጽ ያሳየ፣ በኋላም በአንድ ታላቅ የሕይወት ኢንሹራንስ ድርጅት ውስጥ የሠራ ሰው።

ስለ ዊልያም ፋር ግን ፈጥኜ ማለፍ አልችልም። ከድሃ ቤተሰብ ተወልዶ ሕክምና የተማረው ይህ ሰው እ.ኤ.አ. በ1839 በእንግሊዝ የልደትና የሞት መዝገብ ቤት ተቀጠረ፤ አርባ ዓመት ያህልም የሀገሪቱን ሞት በየምክንያቱ እየመደበ ኖረ። ኮሌራ ለንደንን በመታ ጊዜ በሽታው ከመጥፎ አየር እንደሚመጣ ያምን ነበር። ቁጥሩም አገዘው፤ ቆላማው ሰፈር ብዙ ሞት፣ ደጋማው ጥቂት ሞት ያሳይ ነበር። ውኃው ነው የሚለውን ሐኪም ጆን ስኖውን ግን መዝገቡን አልከለከለውም፤ ሐሳቡን ለሚቃወመው ሰው ማስረጃ ያቀብል ነበር። እ.ኤ.አ. በ1866 ኮሌራ ዳግመኛ ሲመጣ የምሥራቅ ለንደንን ሞት መርምሮ፣ ነገሩ ከአንድ የውኃ ድርጅት ቧንቧ ጋር እንደሚያያዝ አይቶ፣ የቀድሞ ሐሳቡን ተወ። ባለሥልጣን ሐሳቡን ሲለውጥ ድካም ነው በሚባልበት ዓለም ውስጥ ይህን ያደረገ ሰው ከጦር ሜዳ ጀግና በምን ያንሳል?

ውዳሴ ሁሉን በእኩል ካረጠበ ዝናብ እንጂ ውዳሴ አይሆንም፤ ስለዚህ አንድ ቦታ ላይ እጄን ልሰብስብ። ቻይናዊው ማ ዪንቹ በአሜሪካ ኢኮኖሚክስ ተምረው የፔኪንግ ዩኒቨርሲቲ ፕሬዚዳንት የነበሩ አዛውንት ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1957 የሀገራቸው ሕዝብ እድገት በትምህርትና በወሊድ መከላከያ እንዲገታ ለምክር ቤት አቀረቡ። ጊዜው ሰው በበዛ ቁጥር ኃይል በዛ የሚባልበት ነበርና ዘመቻ ተከፈተባቸው፤ ሐሳቤን አልመልስም ብለው በ1960 ከሥልጣናቸው ወረዱ። በ1979 ክብራቸው ሲመለስላቸው ዕድሜያቸው መቶ ሊደፍን ምንም አልቀረውም ነበር። በዚያው ጊዜ ግን ወንበሩን ሌላ ሙያ ይዞታል። ሶንግ ጂያን የሚሳይል አቅጣጫ መቆጣጠሪያ ሊቅ ነበሩ፤ የሚሳይሉን ሒሳብ ለሕዝብ አዋሉት፣ ስሌታቸውም ለአንድ ልጅ ፖሊሲ መንገድ ካነጠፉት አንዱ ሆነ። ፖሊሲው ከሦስት አሥርት ዓመታት በላይ ገዛ። የሶንግ ጂያን ሒሳብ ልክ መሆን አለመሆኑን አልከራከርም፤ ያ ሁሉ ግዳጅም በአንድ ሰው ራስ ላይ አይደፋም። ነገር ግን ሚሳይል ወዴት መሄድ እንደሚፈልግ አይጠየቅም። በሰው ፊት ቆሞ መጠየቅን ያላስተማረ ሙያ፣ ወደ ሥነ ሕዝብ ሲገባ በር ላይ ጫማውን ያውልቅ። ምስጋናዬን ለማ ዪንቹ ሰጥቻለሁ።

አሁን ወደ ልቤ ሰው ልድረስ። ዊልያም ብራስ የኤድንብራ ልጅ፣ የሒሳብ ሰው ነው። እ.ኤ.አ. ከ1948 እስከ 1955 ናይሮቢ ተቀምጦ በምሥራቅ አፍሪካ የስታቲስቲክስ መሥሪያ ቤት አገለገለ። ባየው ሁሉ የልደት ምስክር የለም፤ የሞት መዝገብ የለም፤ ዕድሜም የሚነገረው በድርቅና በዘመቻ ዘመን ነው። ሌላ ሊቅ ቢሆን መረጃ የለም ብሎ ሻንጣውን ባሰረ ነበር። ብራስ ሁለት ጥያቄ አነሣ፦ ስንት ወለድሽ? ስንቱ በሕይወት አሉ? ከ20 እስከ 24 ዓመት ያሉ እናቶች ካጧቸው ልጆች ድርሻ፣ ሁለት ዓመት ሳይሞላቸው የሚያልፉትን ሕፃናት መጠን መገመት እንደሚቻል አሳየ፤ ከ30 እስከ 34 ዓመት ካሉት እናቶች ደግሞ አምስት ዓመት ሳይሞላቸው የሚያልፉትን። በመካከሉ የሚያቃና ስሌት አለ፤ እሱን ለባለቤቶቹ ልተወው። ጽሕፈት ያልደረሰበት መንደር ሁሉ ምስክርነት እንዳለው፣ ምስክሯም ምጣድ ዳር የተቀመጠችው ሴት መሆኗን ያረጋገጠ ሒሳብ ነው። የአፍሪካን የውልደትና የሞት ሁኔታ ከባልደረቦቹ ጋር የተነተነበት መጽሐፍ እ.ኤ.አ. በ1968 ወጣ፤ ስልቱም አፍሪካን አልፎ ወደ እስያና ወደ ላቲን አሜሪካ ተሻገረ።

ይህ ጥያቄ በእኛ ሀገር ደጃፍ ላይ እንዴት እንደሚጠየቅ ላስተዋለ ሰው፣ ጠያቂዋ ራሷ ሌላ ውዳሴ ያሻታል። ስንት ወለድሽ ተብሎ ብቻ አይታለፍም። አብረውሽ የሚኖሩ ወንዶች ልጆች ስንት ናቸው? ሴቶችስ? ሌላ ቦታ የሚኖሩ ወንዶች? ሴቶችስ? ከዚህ በኋላ ነው ድምፅ ዝቅ ብሎ ስለሞቱት የሚጠየቀው። ተወልዶ ያለቀሰ ወይም ሌላ የሕይወት ምልክት ያሳየ፣ ለሰዓታት ወይም ለቀናት ብቻ የቆየም ቢሆን አለ ወይ ይባላል። ክርስትና ሳይነሣ፣ ስም ሳይወጣለት ላለፈ ሕፃን ድንኳን አይተከልም፤ ተዝካርም አይወጣለትም። በቅጹ ላይ ግን ለእሱ የተለየች ክፍት ቦታ አለች። ከእነዚህ ጥያቄዎች ጎን ዛሬ እያንዳንዱን ልጅ በተወለደበት ወርና ዓመት የሚከታተል ዝርዝር የወሊድ ታሪክ ይመዘገባል። ከ1,000 ሕፃናት አምስት ዓመት ሳይሞላቸው የሚሞቱት በ1992 ዓ.ም. ጥናት 166 እንደነበሩ፣ በ2008 ዓ.ም. ጥናት ግን 67 መሆናቸውን ያወቅነው እናቶች ለማያውቋት ጠያቂ ደፍረው ስለነገሩ ነው።

ከሐኪም ቤት ወደ ፖሊሲ አዳራሽ የገባችሁትንም ላክብር። ጋናዊው ዶክተር ፍሬድ ሳይ በምግብ እጥረት ሰውነታቸው ያበጠ ሕፃናትን ያክሙ ነበር። ክዋሺዮርኮር የሚባለው ይህ በሽታ ከሚይዛቸው ብዙዎቹ፣ ታናሽ ተወልዶባቸው ጡት የጣሉ ናቸው። ከዚያ ሕፃን አልጋ እስከ ቤተሰብ ምጣኔ ያለው መንገድ ለሐኪሙ ረጅም አልሆነባቸውም። ዶክተር ናፊስ ሳዲቅ በካራቺ ሕክምና ተምረው፣ በፓኪስታን ጦር ሆስፒታሎች እናቶችን ሲያዋልዱ ኖረዋል። ከዚያ ወደ ሀገራቸው የፕላን ኮሚሽን፣ እ.ኤ.አ. በ1971 ደግሞ ወደ ተባበሩት መንግሥታት የሥነ ሕዝብ ፈንድ ተሻገሩ፤ በ1987 የበላይ ኃላፊው ሆኑ። በ1994 ካይሮ ላይ 179 መንግሥታት በተሰበሰቡ ጊዜ ሳዲቅ ጉባኤውን በዋና ጸሐፊነት መሩ፤ ሳይም የቃላቱ ጦርነት የሚካሄድበትን ዋናውን ኮሚቴ በሊቀመንበርነት ያዙ። ሃይማኖትና መንግሥት፣ ሰሜንና ደቡብ እየተሟገቱ፣ የሴቲቱ ጤና፣ ትምህርትና የራሷ ውሳኔ ከቁጥር ዒላማ እንዲቀድም ተስማሙ። ይህ ስምምነት ከደረቅ ስሌት ብቻ ሊወጣ የሚችል አልነበረም። ምጥ የያዛትን ሴት እጅ ከያዘ ሰው የሚወጣ ነው።

የፓናማዋን ካርመን ሚሮን እንዴት ልዝለል? የሀገራቸውን የስታቲስቲክስና የቆጠራ መሥሪያ ቤት መርተው፣ እ.ኤ.አ. ከ1957 ጀምሮ በሳንቲያጎ የላቲን አሜሪካን የሥነ ሕዝብ ማዕከል አቋቁመው፣ ወጣት ቆጣሪዎችን ለአንድ አህጉር አፈሩ።

ወደ ቤታችን ልመለስ። ከጂኦግራፊ፣ ከኢኮኖሚክስ፣ ከስታቲስቲክስና ከሕብረተሰብ ጤና ተሰባስባችሁ የኢትዮጵያን ሰው የቆጠራችሁ ባለሙያዎች፣ የመጀመሪያው ቆጠራ ግንቦት 1 ቀን 1976 ዓ.ም. ሲጀመር ከፊሉ ሀገር በጦርነት ላይ ነበር፤ ረሃቡም እየገሰገሰ ነበር። በዚያ መካከል 42 ሚሊዮን ከግማሽ ገደማ ሰው እንዳለን ነገራችሁን፤ ከቀድሞው ግምት እጅግ የበለጠ ነበርና ሰሚውን አስደነገጠ። በ1987 ዓ.ም. 53 ሚሊዮን ከግማሽ፣ በ1999 ዓ.ም. ወደ 74 ሚሊዮን አላችሁን። ዕድሜውን የማያውቀውን ሽማግሌ ሳትንቁ «ጣሊያን ሲገባ እረኛ ነበርክ ወይስ ታርስ ነበር?» የሚሉ ቆጣሪዎችን አሠለጠናችሁ። ሕዝባችን ሁሉ በ30፣ በ40 እና በ50 ዓመቱ ላይ የተከመረ መስሎ ሲመጣባችሁም ክምሩን በጥበብ በትናችሁ በየዕድሜው አሰፈራችሁት።

በሚያዝያ 1985 ዓ.ም. የወጣው የሥነ ሕዝብ ፖሊሲ አንዲት ሴት በዕድሜዋ የምትወልደውን አማካይ ቁጥር ከ7.7 ወደ 4 ለማውረድ፣ የወሊድ መከላከያ ተጠቃሚውንም ከ4 በመቶ ወደ 44 በመቶ ለማድረስ እስከ እ.ኤ.አ. 2015 ቀጠሮ ይዞ ነበር። የ2008 ዓ.ም. ጥናት 4.6 እና 36 በመቶ አገኘ። ዒላማው አልተመታም። ያልተመታውንም ዒላማ የሚለካ መሣሪያ የሠራችሁት፣ ውጤቱንም ሳታስጌጡ ያተማችሁት ራሳችሁ ናችሁ፤ በዚህች ሀገር የዕቅድ ታሪክ ውስጥ ይህ ብርቅ ነው።

አራተኛው ቆጠራ በ2010 ዓ.ም. ሊካሄድ ታስቦ ተላለፈ፤ በ2011 ዓ.ም. ዳግመኛ ተላለፈ። በሦስተኛው ቆጠራ ጊዜ ጡት ትጠባ የነበረች ልጅ ለአካለ መጠን ስትደርስ፣ እናንተ ያንኑ አሮጌ መዝገብ ይዛችሁ ትንበያችሁን በየዓመቱ ስታቃኑ፣ በጀትና የምርጫ ክልል፣ ክትባትና የትምህርት መጽሐፍ በትንበያችሁ ሲደለደል ኖሯል። ለዚህ ትዕግሥታችሁ ከምስጋና በላይ የሚሆን ቃል ብፈልግ አጣሁ። ሰላም ለአእጋሪክሙ! ቀጣዩን ቆጠራ ተሸክማችሁ ከሰሜን ደጋ እስከ ኦጋዴን በረሃ ለምትወጡ ለምትወርዱ እግሮቻችሁ ሰላም ይሁን። ካርታው ይታደስ፤ ቅጹ በየቋንቋው ይሰናዳ፤ ቆጣሪው ከነአበሉ ይሠማራ።